ለዋናው ሰው ሲባል የተፈጠሩ ሰዎች

የተከበራችሁ የንባብ ወዳጆች፣

ስለ ልብ ወለድ እንድናገር ስጋበዝ አስቀድሜ ያሳሰብኩት ሐያሲ አለመሆኔን ነበር። ሥነ ጽሑፍን በሙያ አላጠናሁም፣ መተዳደሪያዬም ከመጻሕፍት ጋር አይገናኝም፤ የማነበው ሥራ ካለቀ በኋላ ማታ ማታ ሲሆን፣ ደስ ሲለኝ ብዙ ገጽ፣ ሲሰለቸኝ ደግሞ ምንም አላነብም። እንዲህ ያለ አንባቢ መብቱ ሰፊ ነው፤ ያልጣመውን ምዕራፍ ዘልሎ ማለፍ፣ የወደደውን ደግሞ መላልሶ ማንበብ ይችላል፤ ማንም ውጤት አይሰጠውም። ሆኖም ይኸው ባለ ሰፊ መብት አንባቢ ሰው ፊት ሲቀርብ አንደበቱ ይታሰራል፤ ታላቅ የተባለን ሥራ «አልወደድኩትም» ማለት አላዋቂነቱን የሚያጋልጥበት ይመስለዋልና፣ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ሌሎች ያሉትን ይደግማል። እኔ ዛሬ ሁለቱንም ላለማድረግ እሞክራለሁ። የማነሣቸው መጻሕፍት በቅርብ ያነበብኳቸው ናቸው እንጂ በቅርብ የታተሙ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ከመቶ ዓመት በላይ አስቆጥረዋል።

አንድን ልብ ወለድ ስጨርስ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ደራሲው ለዋናው ገጸ ባሕርይ ጉዳይ ማስፈጸሚያ ብሎ የጠራቸውን ሰዎች እንዴት ተቀብሎ እንዴት ሸኛቸው? በየመጽሐፉ ውስጥ በር የሚከፍቱ፣ ደብዳቤ የሚያደርሱ፣ ዋናው ሰው እንዲያዝን የሚሞቱ፣ እንዲጸጸት የሚገደሉ፣ እንዲያፈቅር የሚያምሩ ሰዎች አሉ። ዋናውን ሰው ሙሉ ሰው ማድረግ አምስት መቶ ገጽ ላለው ደራሲ ያን ያህል የሚከብድ አይመስለኝም፤ ሦስት ገጽ ብቻ ደርሶት የሚሄደውን ሰው ግን እንደ ሰው አስገብቶ እንደ ሰው ማስወጣት ሌላ ዐይን ይጠይቃል። ይህ መለኪያ ሁሉን ነገር እንደማይለካ ዐውቃለሁ፤ የቋንቋን ውበት አይመዝንም፣ የሴራን ጥብቀት አይመረምርም። እኔ ግን መጽሐፉን የወደድኩበትንም ሆነ የተጣላሁበትን ምክንያት ስፈልግ፣ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው እዚያ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የፊዮዶር ዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት» ነው፤ ምክንያቱም በዚህ መለኪያ ልጥለው ተነሥቼ የረታኝ መጽሐፍ እሱ ነው። ልብ ወለዱ እ.ኤ.አ. በ1866 በመጽሔት በተከታታይ የወጣ ሲሆን ታሪኩን ያላነበበውም ሰው ይሰማዋል፤ ራስኮልኒኮቭ የተባለ ትምህርቱን ያቋረጠ ወጣት፣ በመያዣ ገንዘብ የምታበድር አንዲት አሮጊትን በመጥረቢያ ይገድላል። ለዚህም ንድፈ ሐሳብ አለው፤ ከተራው ሕዝብ በላይ የሆኑ ሰዎች ለትልቅ ዓላማ ሲሉ ሕግን ሊሻገሩ ይችላሉ ይላል። ነገር ግን በዚያው ሰዓት የአሮጊቷ እኅት ሊዛቬታ ሳትታሰብ ወደ ቤቱ ትገባለች፤ እሷንም ይገድላታል። ሊዛቬታ የዋህ፣ ለሰው ሁሉ የምትታዘዝ፣ በማንም ላይ ክፉ ያላደረገች ሴት ናት። ንድፈ ሐሳቡ አሮጊቷን ምናልባት ይሸፍናት ይሆናል፤ ሊዛቬታን ግን በምንም መንገድ አይሸፍናትም።

ከዚያ በኋላ ግን መጽሐፉ ሊዛቬታን የረሳት ይመስላል። ክርክሩ፣ ምርመራው፣ ትኩሳቱ፣ ሕልሙ ሁሉ ስለ አሮጊቷ ነው። ይህን ሳነብ ተናድጄ ነበር፤ ደራሲው የግድያውን ትዕይንት ለማክበድ ብቻ አንዲት ንጹሕ ሴት ጠርቶ፣ ሥራዋን ስትጨርስ ያሰናበታት መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ግን ራስኮልኒኮቭ ራሱ ስለዚህ ነገር ይገረማል፤ ሊዛቬታን እንዳልገደላት ያህል ለምን እንደማያስባት ራሱን ይጠይቃል። ያን መስመር ካነበብኩ በኋላ የረሳው ገጸ ባሕርይው እንጂ ደራሲው እንዳልሆነ ገባኝ። ዶስቶየቭስኪ ሟቿን በሌላ በር መልሶ ያስገባታል። ሶንያ የተባለች ድኻ ወጣት የአልዓዛርን ከሞት መነሣት ለራስኮልኒኮቭ ስታነብለት፣ የያዘችውን አዲስ ኪዳን ያመጣችላት ሊዛቬታ እንደሆነች ትነግረዋለች፤ ሁለቱ ሴቶች አብረው ያነቡ ነበርና። በኋላም ወንጀሉን ሊነግራት ሲል በሶንያ ፊት ላይ የሊዛቬታን ፊት ያያል፤ በመጥረቢያው ፊት እንደ ሕፃን እጇን አንሥታ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ የነበረችውን ሴት ማለት ነው። ሶንያ በአንገቷ የምታደርገው የመዳብ መስቀልም የሊዛቬታ ነበር። ገዳዩ የሚጸልይለትን ሰው ያገኘው ከገደላት ሴት ጓደኛ ዘንድ ነው ማለት ነው። እንደዚህ ያለ አያያዝ ያየሁት በጥቂት መጻሕፍት ነው።

ያም ሆኖ ሁሉን ነገር አልወደድኩለትም። ሳይቤሪያ ላይ የሚያልቀው መደምደሚያ የተቻኮለ ነው፤ ያን ያህል ገጽ ሲጨቃጨቅ የኖረ አእምሮ በጥቂት ገጾች ውስጥ ሲለሰልስ አላመንኩም። ሶንያንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተቀበልኳትም። ለሌላው ስትል ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ታዝዛለች፤ ለራሷ ስትል ግን አንድ ጊዜ እንኳ «ለምን እኔ?» ብላ ስትቆጣ ባያት ኖሮ የበለጠ አምናት ነበር።

ከሊዮ ቶልስቶይ «አና ካሬኒና» ጋር ያለኝ ነገር ደግሞ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1877 ድረስ በመጽሔት የወጣው ይህ ግዙፍ ሥራ የሰለቸኝ ቦታ አለው፤ ሁለተኛው ዋና ሰው ባለ ርስቱ ሌቪን ስለ እርሻና ስለ ገበሬዎቹ የሚከራከርበትን እንደምንም ታግሼ፣ የመኳንንቱ ምርጫ ላይ ስደርስ ግን ገጾቹን በፍጥነት ገልጬ አልፌያለሁ። ማን በስንት ድምፅ እንደተመረጠ ለማወቅ ምንም ጉጉት አላደረብኝም፤ ደራሲውም ብዙ ጉጉት የነበረው አይመስለኝም።

ከዚያው ክፍል ግን ከአናና ከፍቅረኛዋ ከቭሮንስኪ የፍቅር ትዕይንቶች ይበልጥ የማስታውሰውን ጥቂት ገጽ አገኘሁ። የሌቪን ወንድም ሰርጌይ ኢቫኖቪች የተባለ ዕድሜው የገፋ ምሁር፣ ቫሬንካ የምትባል ደግና ዝምተኛ ሴት ይወዳል። በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ዛሬ ይጠይቃታል እያለ ይጠብቃል። ሁለቱ እንጉዳይ ለመልቀም ወደ ጫካ ይወጣሉ። ሰውየው የሚናገረውን ቃል በልቡ አዘጋጅቷል፣ ለምን ሊያገባት እንደሚገባም ለራሱ አስረድቶ ጨርሷል። ሴትየዋ ከፍርሃት የተነሣ ዝምታውን ለመስበር ስለ እንጉዳይ አንድ ነገር ጣል ታደርጋለች። እሱም ያዘጋጀውን ቃል መናገር ሲገባው፣ ሳያስበው በሁለት የእንጉዳይ ዓይነቶች መካከል ያለውን ልዩነት ይጠይቃታል። ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ በላያቸው ብዙም ልዩነት እንደሌላቸው፣ ልዩነታቸው ግንዳቸው ላይ እንደሆነ ትመልስለታለች። በዚያች ቅጽበት ነገሩ እንዳለቀ፣ ሊባል የሚገባው ከእንግዲህ እንደማይባል ሁለቱም ያውቃሉ። ይህ ምዕራፍ ቢወጣ ከአና ዕጣ የሚነካ ነገር የለም፤ አና ራሷን የምትጥልበት ባቡርም ይመጣል፣ ሌቪንም እምነቱን ያገኛል። ታዲያ ለምን ተጻፈ? ቶልስቶይ ሁለት አጃቢዎች የራሳቸው ሕይወት እንዳላቸው፣ ያም ሕይወት በአንድ ጥያቄ ሊበላሽ እንደሚችል ስላየ ነው እላለሁ። የመኳንንቱን ምርጫ ይቅር ያልኩት ለዚህ ነው።

የተተወው ባል ካሬኒንም እንዲሁ ነው። ሌላ ደራሲ ቢሆን ጆሮው የቆመ፣ ስሜት የሌለው ባለሥልጣን አድርጎት ያልፈው ነበር፤ አና የምታየው እንዲያ አድርጋ ነውና። ነገር ግን አና በወሊድ ታማ ከሞት ጋር ስትታገል፣ ይህ ሰው በአልጋዋ አጠገብ ሁለቱንም ይቅር ይላል፤ ጀግና ይመስል የነበረው ቭሮንስኪም ከዚህ ይቅርታ ፊት አንሶ ተገኝቶ በራሱ ላይ ይተኩሳል። ቶልስቶይ የጠላሁትን ሰው እንድወድ አላስገደደኝም፤ ብቻ እስከዚያ ድረስ በአና ዐይን ብቻ ሳየው እንደነበር አሳየኝ።

ወደ አማርኛ ስመጣ ንግግሬ ይከብዳል። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» መተቸት ለብዙ ሰው የቤተሰብን ሽማግሌ ፊት ለፊት እንደመተቸት ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ይህን መጽሐፍ በቅርቡ እንደገና አንብቤዋለሁ፤ እንደገና ሳነበውም ከሁሉ በላይ የገረመኝ ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ ፍቅር መሰናክል ይሆኑ ዘንድ የተፈጠሩት እኚህ ሰው፣ በትዕቢታቸው እያሳቁ፣ በሞኝነታቸው እያሳዘኑ፣ በጭካኔያቸውም እያስመረሩ በገቡበት ገጽ ሁሉ ሕይወት ይዘው ይገባሉ። ከገበሬዎቻቸው ጋር ጦር ገጥመው ሲዋረዱ ሳቅሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ መሳቄ ቅር አለኝ። ደራሲው የሚቃወሙትን ሥርዐት የተሸከመ ሰው ሲሥሉ ሰውነቱን አልነፈጉትም።

ጉዱ ካሣን በተመለከተ አብዛኛው አንባቢ እንደማይስማማኝ አስባለሁ። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ብቸኝነቱም ያሳዝናል፤ ንግግሩ ግን ረዝሞብኛል። አንዳንዴ የሚናገረው ካሣ ይሁን ከኋላው የቆሙት ደራሲ መለየት ያቅተኛል፤ ሰሚው በዛብህ ሳይሆን እኔ እንደሆንኩ ይሰማኛል፤ እኔ ደግሞ ልብ ወለድ ላይ ትምህርት የሚሰጠኝን ሰው ቶሎ እሰለቸዋለሁ። ይህን ስል የመጽሐፉን ቁጣ መቃወሜ አይደለም። ያው ቁጣ በፊታውራሪ መሸሻ አንድ ንግግር ውስጥ ያለ ምንም ማብራሪያ ሲገለጥ የበለጠ ይመታኛል።

ከሁሉ ይልቅ ግን አልበቃ ያለችኝ ውድነሽ በጣሙ ናት። መጽሐፉ በእሷና በቦጋለ መብራቱ ታሪክ ይጀምራል፤ ልጇን ሞት እንዳይነጥቃት ስትል ለእግዚአብሔር የተሳለችው ስለትም የበዛብህን ዕድል ያስራል። የሥራው ሁሉ መከራ ከዚያ የእናት ፍርሃት ይመነጫል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ልጁ ለትምህርት ከወጣ በኋላ ውድነሽ ከመድረኩ ትርቃለች፤ ያ ስለት ያስከተለውን ነገር በእሷ ዐይን የምናይበት ዕድል አይሰጠንም። ሰብለ ወንጌልም ዋና ገጸ ባሕርይ ሆና ሳለች፣ በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ ከአባቷ ቤት እስክትወጣ ድረስ በአብዛኛው የምትጠበቅና የምትጠብቅ ሴት ናት። ከቤት ከወጣች በኋላ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች፤ እኔም ደራሲው ያን ጉዞ ባስረዘሙት ኖሮ ብያለሁ። በነገራችን ላይ ይህን መጽሐፍ በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ የሰማ ሰው ንዑሳኑን ገጸ ባሕርያት ከገጹ ብቻ አያውቃቸውም፤ ወጋየሁ ሁለት ቃል ለሚናገረው ሰው እንኳ ድምፅ ሰጥቶታልና። ፊታውራሪን ሳነብ እስከ ዛሬ የምሰማው የእሱን ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ፍርዴ ንጹሕ ነው ብዬ አልምልም።

የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» በአጭሩ ላንሣ። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተነሣው ይህ መጽሐፍ፣ የደራሲው የ1976 ዓ.ም. መሰወር ጥላ ስላረፈበት፣ አንባቢ እንደ ልብ ወለድ ሳይሆን እንደ ማስረጃ ሰነድ ነው የሚይዘው። በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳ ሥራ፣ የስብሰባውን ቋንቋ፣ የባለሥልጣናቱን ግብዝነት ከውስጥ ሆኖ የሚያሳይባቸው ገጾች እስካሁን ትኩስ ናቸው፤ እንዲያውም ጥቂት መስመር ብቻ የተሰጣቸው ካድሬዎችና መኮንኖች በአንድ የንግግር ልማድ ብቻ ተለይተው ይታወቃሉ። ፊያሜታ ስትመጣ ግን ብዕሩ ይለወጥብኛል። ቁንጅናዋ ብዙ ቦታ ይይዛል፣ ሐሳቧ ግን ጥቂት፤ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ሲያያት የሚሰማውን ሁሉ እናውቃለን፣ እሷ እሱን ስታይ የምታስበውን ግን በግምት ነው። ተራኪው እሱ ስለሆነ ነው የሚል መልስ ይሰጠኛል፤ መልሱ ትክክል ቢሆንም አያጠግበኝም።

አንባቢ ሁሉ የወደደው የገብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ «የመቶ ዓመት ብቸኝነት»፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የታተመው፣ ለእኔ ከልብ ያልገባ መጽሐፍ ነው። አውሬሊያኖዎቹና ሆሴ አርካዲዮዎቹ በየትውልዱ እየተደጋገሙ ሲመጡ የትኛው የማን ልጅ እንደሆነ መከታተል ተውኩ፤ ድግግሞሹ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን ባውቅም ድካሜን አላቀለለልኝም። የቤተሰቡ ታላቅ እናት ኡርሱላ ግን አለች። አርጅታ ዐይኗ ሲጠፋ ማንም ሳያውቅባት በድምፅና በጠረን እየተመራች ቤቱን ታስተዳድራለች። አንድ ቀን ፈርናንዳ የጋብቻ ቀለበቷ ጠፍቶባት ሁሉም ሲፈልግ፣ ያገኘችው ማየት የተሳናት ኡርሱላ ናት፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በየቀኑ በአንድ መንገድ እንደሚመላለስ፣ ዕቃም የሚጠፋው ከዚያ መንገድ ሲወጣ እንደሆነ ስለምታውቅ፣ ፈርናንዳ በዕለቱ ያደረገችውን ልዩ ነገር አስታውሳ ቀለበቱን ካለበት አወጣችው። መጽሐፉን እስከ መጨረሻ ያስነበበችኝ ይህች ሴት ናት፤ ቀሪው ተአምር ለሌላ አንባቢ ይሁን።

የሱዳኑ ደራሲ አጥ-ጠይብ ሷሊህ እ.ኤ.አ. በ1966 በዐረብኛ ያሳተመው «ወደ ሰሜን የፍልሰት ወቅት» ደግሞ ከተባለለት በተለየ ምክንያት ያዘኝ። ስለ መጽሐፉ ሲወራ የሚነሣው ሙስጠፋ ሰዒድ ነው፤ ለንደን ሄዶ ሴቶችን እያጠመደ ቅኝ ገዢዎቹን የሚበቀለው ምሁር። እኔ ያ የለንደን ታሪክ ሲደጋገም ሰለቸኝ፤ የእንግሊዝ ሴቶቹ ከአንዷ በስተቀር የበቀሉ መሣሪያዎች ብቻ ሆነው ያልፋሉ። በአባይ ዳር መንደር የቀረችው ሚስቱ ሑስና ግን ጥቂት ገጽ ይዛ መጽሐፉን ትወስደዋለች። ባሏ ከተሰወረ በኋላ ቤተሰቧ ለሽማግሌው ወድ ረይስ ሊድራት ይወስናል። ካስገደዷት እሱንም ራሷንም እንደምትገድል ትናገራለች፤ ተራኪው ሰምቷታል፣ ይወዳታልም፤ ነገር ግን ከመንደሩ ይሄዳል። ያለችውን ታደርጋለች። መንደርተኛው ስለዚያ ሌሊት ማውራት አይፈልግም፤ ተራኪው እውነቱን የሚሰማው ከአንዲት አንደበቷ ከማይታሰር አሮጊት ነው። ሙስጠፋ ሰዒድ ብዙ ተናግሮ ያልገለጠውን ሑስና በአንድ ዓረፍተ ነገር ገልጣዋለች፤ አስቀድማ ነግራቸው ነበርና።

ካዙኦ ኢሺጉሮ እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተመውና በዚያው ዓመት የቡከር ሽልማትን ያገኘው «የቀኑ ቅሪት» ላይ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ከበዱኝ። ስቲቨንስ የተባለው የእንግሊዝ ባለጠጋ ቤት አሽከር፣ ታላቅ አሽከር ማለት ምን ማለት እንደሆነ እየተነተነ ብዙ ይጓዛል። ነገር ግን ሩትና ሣራ የሚባሉ ሁለት የቤት ሠራተኞች አሉ። ጌታው አይሁዳውያን በመሆናቸው ብቻ እንዲባረሩ ያዛል፤ ስቲቨንስም ትእዛዙን እንደ ተራ የሥራ ጉዳይ ይፈጽማል። ስለ ልጆቹ ከስማቸው በቀር የምናውቀው ነገር ጥቂት ነው፤ ወዴት እንደሄዱም አይነገረንም። እዚህ ላይ ደራሲው አጃቢዎቹን ባዶ ያደረጋቸው ሆን ብሎ ነው፤ ተራኪው ሊያያቸው አልፈለገምና እኛም አናያቸውም። ጌታው በኋላ ተጸጽቶ ሊክሳቸው ሲፈልግ፣ ስቲቨንስ ነገሩ እሱንም አሳዝኖት እንደነበር ለቤት ጠባቂዋ ለሚስ ኬንተን ሊነግራት ይሞክራል። እሷ ያኔ ምነው አልነገርከኝም ስትለው የሚመልሰው የለውም። ያ ትዕይንት ከአባቱ ሞት ትዕይንት ይልቅ ጎድቶኛል።

የመጨረሻው መጽሐፌ የቺኑዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. የ1958 ሥራ ነው፤ «ነገሮች ሲፈራርሱ» ብዬ ልጥራው። ኦኮንኮ ኃይለኛ፣ ፍርሃቱን በጭካኔ የሚሸፍን ሰው ነው። ከሌላ መንደር በካሳ የመጣው ኢኬሜፉና ሦስት ዓመት አብሮት ኖሮ አባቴ ይለው ነበር፤ እንዲገደል ሲወሰን፣ በግድያው እጁን እንዳያስገባ የተመከረው ኦኮንኮ ደካማ እንዳይባል ብሎ ራሱ ይመታዋል። አቼቤ ይህን የሚጽፈው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ነው።

መጨረሻው ላይ ደግሞ የእኔን ጥያቄ ደራሲው ራሱ ያነሣዋል። ኦኮንኮ ራሱን ሰቅሎ ይገኛል፤ እንግሊዛዊው የአውራጃ ኮሚሽነር ስለሚጽፈው መጽሐፍ እያሰበ ይሄዳል። ስለዚህ ሰው አንድ ሙሉ ምዕራፍ መጻፍ ይቻል ይሆናል ብሎ ይጀምርና፣ ምዕራፍ ይበዛበታል፣ አንድ መጠነኛ አንቀጽ ይበቃዋል ብሎ ይወስናል። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ዋና የነበረው ሰው በሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ አንቀጽ ይሆናል። ከዚህ የከበደ የመጨረሻ ገጽ በቅርብ አላነበብኩም።

ሆኖም በአቼቤም ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ኦኮንኮ ወንድ በሆነች እያለ የሚመኛት ልጁ ኤዚንማ፣ የአባቷን ጠባይ ከወንድሞቿ ሁሉ ይልቅ የምትረዳው፣ አባቷ ሲታሰር የእጮኛዋን ቤት ጉብኝት አቋርጣ የተመለሰችው ልጅ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ የለችም። እናቷ ኤክዌፊ በጨለማ ልጇን ተሸክማ የወሰደችውን ካህን ተከትላ እስከ ዋሻው ድረስ የሄደችላት ልጅ ናት፤ ኦኮንኮም ያን ሌሊት ቢላውን ይዞ ከኋላ ደርሷል። ከዚያ ሁሉ በኋላ የአባቷ ሞት ሲሰማ ምን እንዳደረገች አንድ መስመር አልተጻፈም። የኮሚሽነሩ አንቀጽ ኤዚንማን እንደማይጨምራት የታወቀ ነው፤ የአቼቤ ምዕራፍ እሷን መተዉን ግን እስካሁን አልተቀበልኩትም።